ጎንደር ላይ ቤንዚንን የሚተካ አነስተኛ መኪና አመራረጥ

ከቤንዚንና ከናፍጣ ውጭ በሆነ ኃይል የሚሠራ አነስተኛ መኪና ለመግዛት ያሰበ የጎንደር ነዋሪ፣ ከዋጋውም ሆነ ከሞዴሉ አስቀድሞ «የት እሞላዋለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የተፈጥሮ ጋዝ ጥቀርሻ የማያበዛና የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤንዚኑ በሩብ ገደማ የሚያንስ ጥሩ ነዳጅ ነው። ይሁንና በመኪናው ሲሊንደር የሚቀመጠው በ200 ባር ግፊት ተጨምቆ በመሆኑ፣ መጭመቂያ ያለው ማደያ በአቅራቢያው ከሌለ፣ በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ጎንደር ላለ ባለመኪና አይደርሰውም። የማብሰያ ጋዝ በዝቅተኛ ግፊት ፈሳሽ የሚሆን ሌላ ዓይነት ጋዝ ነው፤ ስለዚህ በማብሰያው ሲሊንደር የተፈጥሮ ጋዝ ይሞላል የሚል መካኒክ ካጋጠመዎ ሥራውን አይስጡት። ኤታኖልም ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ተገኝቶ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የቆየ ቢሆንም፣ ገዢው ራሱ የሚመርጠው ነዳጅ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ወደ ጋዝ የተቀየረ ያገለገለ መኪና ከቀረበልዎ በመጀመሪያ ሲሊንደሩ ላይ የተመረተበትንና መጨረሻ የተፈተሸበትን ዓመት ይፈልጉ፤ ጽሑፉ ተፍቆ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ መኪናውን አይግዙ። ቀጥሎም በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀቡና አረፋው እየተነፋ የሚያብጥበት ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀልል ወደ ላይ ይበተናል፤ የማብሰያ ጋዝ ግን ከብዶ መሬት ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ በእሱ የሚሠራ መኪና በዝግ ጋራዥ አይደር።

ከተማችን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ በጋዝ ሲሠራ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ዳገቱ እንዲህ አያዳክመውም። መንግሥትም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ እኔ ለጎንደር የምመክረው ኤሌክትሪኩን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናውን ሙከራ በሜዳ አያድርጉት። አራት ሰው ጭነው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ይውጡና ሲነሱና ሲደርሱ የባትሪውን መቶኛ በወረቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያም ወደ አዘዞ ሲመለሱ ፍሬኑ ምን ያህል ኃይል ወደ ባትሪው እንደሚመልስ ይዩ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ቀሪ አቅም በመመርመሪያ መሣሪያ ተነቦ ይታይዎ፤ የተሽከርካሪው ዕድሜ ብቻውን ስለ ባትሪው ብዙ አይናገርም።

የቤት ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሲሞላ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በ8 ሰዓት 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ይህም ለአነስተኛ መኪና በግምት 100 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ለከተማ ሥራ ይበቃል፤ እስከ ደባርቅ ግን ዳገቱ ተጨማሪ ስለሚበላ፣ መመለሻ መሙያ ሳያረጋግጡ አይነሱ። አንድ ዘመዴ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሲሞላ አድሮ ጠዋት ሶኬቱ ቀልጦ ቡናማ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ፣ ራሱን የቻለ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስገጥሙ፤ በመጀመሪያው ሌሊትም በየሰዓቱ ሶኬቱን በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት፤ ከሞቀ ወዲያው ያቋርጡና ኤሌክትሪሻኑን መልሰው ይጥሩ።