ፓስወርድ ሳይሰጡ ካላንደርዎን ለሥራ ባልደረባ ማጋራት

ድሮ የኃላፊው ቀጠሮ በሙሉ የሚሰፍረው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ባለው አጀንዳ ነበር። አጀንዳው ወደ አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይልና የካላንደር ፕሮግራም) ሲዛወር አንድ መጥፎ ልማድ አብሮ መጣ፦ ፓስወርድን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠት። ይህ ጨርሶ መቅረት አለበት። ፓስወርድዎን የያዘ ሰው ቀጠሮዎን ብቻ ሳይሆን ኢሜይልዎን ሁሉ ያነባል፣ በስምዎም ይልካል፤ ተቀባዩ ደግሞ እርስዎ እንዳልጻፉት የሚያውቅበት መንገድ የለም። ካላንደሩን ብቻ ማጋራት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ምን ያህል ይታይ?

አዝራር ከመጫንዎ በፊት ይህን ይወስኑ። አውትሉክ ላይ «ካን ቪው ዌን አይም ቢዚ» የሚለው ሰዓቱ መያዙን ብቻ ያሳያል። «ካን ቪው ታይትልስ ኤንድ ሎኬሽንስ» ርዕሱንና ቦታውን ይጨምራል። «ካን ቪው ኦል ዲቴይልስ» በቀጠሮው ውስጥ የጻፉትን ማስታወሻ ጭምር ይከፍታል። «ካን ኤዲት» የተሰጠው ሰው ቀጠሮ ይጨምራል፣ ይሰርዛል። «ዴሊጌት» ከዚህም አልፎ የስብሰባ ጥሪ በእርስዎ ምትክ ተቀብሎ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እሱ በእርስዎ ስም እንደላከው ይገልጻል።

ለአብዛኛው ባልደረባ ሁለተኛው ይበቃል። ባሕር ዳር ውስጥ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ዘንዘልማ ግቢ እንዳሉ ያየ ሰው 4:30 ላይ ፔዳ ግቢ ስብሰባ አይጠራዎትም። «ዴሊጌት» ለጸሐፊዎ ወይም ለተወካይዎ ብቻ ይሁን።

አሰጣጡ

በብሮውዘር የሚጠቀሙ ከሆነ የካላንደሩን ገጽ ይክፈቱ። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር የራስዎ ካላንደር ስም አጠገብ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን ሲጫኑ «ሼሪንግ ኤንድ ፐርሚሽንስ» ይመጣል። የባልደረባዎን ስም ወይም ኢሜይል ይጻፉ፣ ደረጃውን ይምረጡ፣ «ሼር» ይበሉ። ኮምፒውተር ላይ በተጫነው ነባሩ አውትሉክ ደግሞ ከ«ሆም» ሥር «ሼር ካላንደር»ን ይጫኑ፤ «አድ» ብለው ስሙን ከአድራሻ መዝገቡ ያምጡ፣ ደረጃውን ይስጡና «አፕላይ» ይበሉ።

ስም ሲመርጡ አይቸኩሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የአባት ስሙንና ኢሜይሉን አይተው ያረጋግጡ።

ባልደረባዎ ኢሜይል ይደርሰዋል፤ «አክሴፕት» ሲል ካላንደርዎ ከራሱ ካላንደር ጎን ይገባለታል። «አልመጣልኝም» የሚል ካለ፣ ኢሜይሉን አይቶት አለመቀበሉን ወይም ጀንክ ፎልደር (የማይፈለጉ ኢሜይሎች ማስቀመጫ) ውስጥ መውደቁን አስቀድመው ይጠይቁ። ተቀብሎም ሰዓቱ መያዙ ብቻ የሚታየው ከሆነ የሰጡት ደረጃ ዝቅ ያለ ነው፤ ወደዚያው ገጽ ተመልሰው ከስሙ አጠገብ ይቀይሩት። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ላለ ሰው ማጋራት እምቢ ካለዎት ብዙውን ጊዜ የአይቲ ክፍሉ የጣለው ገደብ ነው፤ እነሱን ያነጋግሩ።

ጎግል ካላንደር ለሚጠቀሙ፦ ስልክ ላይ ያለው አፕ ማጋሪያ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ከካላንደሩ ስም አጠገብ ካሉት ሦስት ነጥቦች «ሴቲንግስ ኤንድ ሼሪንግ» ይግቡ።

ሰዓትና ቀን

ለሌላ ሰው የማስተካከል መብት ሲሰጡ ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። «ነገ 8 ሰዓት» ተብሎ የተነገረ ስብሰባ 8:00 ኤኤም ተብሎ ከተመዘገበ፣ ኮምፒውተሩ የሚያስታውሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ትክክለኛው 2:00 ፒኤም ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በርዕሱ ላይ «የበጀት ስብሰባ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለው በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ። ስህተት ቢኖር ያየ ሁሉ ወዲያው ይይዘዋል።

የሰዓት ክልሉንም ይመልከቱ። አውትሉክ ውስጥ የእኛው ዩቲሲ+3 «ናይሮቢ» በሚል ስም ነው ያለው። አዲስ ኮምፒውተር በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት ተስተካክሎ ቢቀር ቀጠሮዎቹ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ይዛባሉ።

በየወሩ የሚደጋገም ቀጠሮ ሌላ ጣጣ አለው። ሪፖርት በየወሩ በ5 የሚቀርብ ከሆነ «መንዝሊ» ብለው አይሙሉ። ጥቅምት 5 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 15 ላይ ይውላል፤ ኅዳር 5 ግን ኖቬምበር 14፣ ጥር 5 ደግሞ ጃንዋሪ 13 ነው። በዚህ ፈንታ «ዴይሊ» መርጠው በየ30 ቀኑ እንዲደገም ያድርጉ። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ልክ ይመጣል። ጳጉሜ ግን 5 ወይም 6 ቀን ጨምራ ታፈርሰዋለች፤ ስለዚህ ድግግሞሹ ነሐሴ ላይ እንዲያበቃ አድርገው መስከረም ላይ አዲስ ይክፈቱ። ቅዳሜና እሑድ የሚውሉትን በእጅ ያዛውሯቸው።

የግል ጉዳይና መስክ

የሐኪም ቀጠሮን የመሰለ ጉዳይ ሲመዘግቡ «ፕራይቬት» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ ባልደረባዎ ሰዓቱ መያዙን እንጂ ምክንያቱን አያይም። ሆኖም ይህን እንደ ጽኑ ቁልፍ አይቁጠሩት፤ የማንበብ መብት ያለው ሰው በሌላ ፕሮግራም ሊያየው ይችላል። ምስጢር የሆነን ነገር ካላንደር ላይ አለመጻፍ ይሻላል።

ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገሩ ወይም ሌላ መስክ የሚወጡ ከሆነ ቀኑን በ«አውት ኦፍ ኦፊስ» ይያዙት። ኔትወርክ በሌለበት ስልክዎ ላይ የቀየሩት ቀጠሮ ኔትወርክ እስኪመለስ ለማንም አይደርስም። ለውጥ ካለ ለተወካይዎ ደውለው ይንገሩት፤ ቢሮ ሆኖ ያስተካክለዋል።

ባልደረባዎ ክፍል ሲቀይር ወይም ሥራ ሲለቅ መብቱን በዚያው ቀን ያንሱ፤ ያጋሩበት ገጽ ላይ ከስሙ አጠገብ ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ይጫኑ። ከዚህ በፊት በወረቀት የሰጡት ፓስወርድ ካለም ዛሬውኑ ይቀይሩት።