በጸደይ ያላበቡ ምርጥ ተክሎች፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የብርዱ ወራት አልፎ አፈሩ መሞቅ ሲጀምር፣ ተክል ወዳድ ሰው በየማለዳው ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለትን ተክል ይጎበኛል። ተክሉ ሳያብብ ሲቀር ብዙዎች ማዳበሪያ ለመጨመር ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን በጸደይ የሚታየው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ባለፈው ወቅት የተፈጠረ ስለሆነ፣ መንስኤውን ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ይገባል።

ቅርንጫፉ የሞተ ሲመስል

ከመንቀል በፊት ልጡን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ከልጡ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ተክሉ በሕይወት ስላለ መታገሥ ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴው እስኪገኝ ድረስ ዝቅ እያሉ መቁረጥ ነው። ሥሩ ጠቁሮ ከላሸቀና ከሸተተ ግን ውኃ ተኝቶበት በስብሷል ማለት ነውና፣ ተተኪውን ውኃ በማይቋጥር ከፍ ያለ መደብ ላይ መትከል ይሻላል።

ቅጠሉ ለምልሞ አበባ ሲጠፋ

ከሁሉ የበለጠ የሚያበሳጨው ይህ ነው፤ መንስኤውም እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል።

ትልልቅ ክብ አበባ የሚሰጠው የተለመደው ሃይድራንጃ እንቡጡን የሚቋጥረው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ከብርዱ በፊት አጭር አድርጎ የገረዘው ሰው የመጪውን ዓመት አበባ አብሮ ቆርጦ ጥሏል። ጓሮን ለማሳመር ተብሎ ከሚደረገው ሁሉ ይህን ያህል የሚያስከፍል ያለ አይመስለኝም። የደረቀውን አበባ እስከ ጸደይ መተው ከበታቹ ያሉትን እንቡጦች ከውርጭ ይከላከላል፤ ከዚያም ከላይ እስከሚገኘው የመጀመሪያ ጠንካራ ጥንድ እንቡጥ ድረስ ብቻ ይቆረጣል። ያልተገረዘውም ቢሆን ዘግይቶ በመጣ ውርጭ ሊመታ ስለሚችል፣ ሌሊቱ ሲከፋ ጨርቅ አልብሶ ጠዋት መግለጥ ይጠቅማል።

ፒዮኒ የተባለው ባለ ትልልቅ አበባ ተክል ለዓመታት ቅጠል ብቻ የሚያወጣ ከሆነ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የተተከለበት ጥልቀት ነው። በሥሩ አናት ላይ ያሉት ቀያይ ቡቃያዎች ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር ሊጫናቸው አይገባም። መፍትሄው ቅጠሉ ጠውልጎ ሲያበቃ ቆፍሮ ማውጣትና ከፍ አድርጎ መልሶ መትከል ነው፤ ሆኖም ተክሉ ዳግም እስኪያብብ 2 ወይም 3 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል።

ቱሊፕ ደግሞ አምፖሉ (ሽንኩርት የሚመስለው የሚተከለው ክፍል) ከ12 እስከ 16 ሳምንት በቂ ቅዝቃዜ ካላገኘ አበባው ይጨነግፋል። በፍሪጅ የሚያቀዘቅዙ ሰዎች ከበሰለ ፍራፍሬ አጠገብ ሊያስቀምጡት አይገባም፤ ፍራፍሬው የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ በአምፖሉ ውስጥ ያለውን እንቡጥ ይገድላልና። አበባው ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ መተው አለበት።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ወይም ጥላ ሊሆን ይችላል።

እንቡጡ ሳይፈነዳ ሲረግፍ ወይም ሲበሰብስ

ካሜሊያ የተባለችው የአበባ ቁጥቋጦ እንቡጧን የምትቋጥረው በሞቃቱ ወራት መጨረሻ ስለሆነ፣ ያኔ የተጠማች ተክል በጸደይ ታረግፈዋለች። በጽጌረዳ ላይ የውጪው ቅጠለ አበባ በዝናብ ርሶ ከደረቀና እንቡጡን እንደ ወረቀት ከጠቀለለው፣ የተበላሸውን ቆርጦ ማስወገድና መሐል ያሉትን ቅርንጫፎች በማሳሳት ነፋስ እንዲገባ ማድረግ ይበቃል።

ጽጌረዳው የማይታወቅ አበባ ሲያወጣ

ብዙ ምርጥ ጽጌረዳዎች በሌላ ጠንካራ ዝርያ ሥር ላይ ተጣብቀው የተዳቀሉ ናቸው። ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚበቅለው ቀንበጥ የሥሩ ዝርያ ስለሆነ ምርጡን እያቀጨጨ ይሄዳል፤ በመቀስ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከተነሣበት ከሥሩ መገንጠል ያስፈልጋል። ምርጡ ዝርያ ፈጽሞ ከሞተ ግን አዲስ ከመትከል ሌላ አማራጭ የለም፤ እሱም በዚያው ጉድጓድ አሮጌ አፈር ውስጥ ስለሚቀጭጭ ቦታውን ወይም አፈሩን መቀየር ይገባል።