ከዘፈን ወደ ልብ ወለድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሌሊት አንድ ዘፈን ብቻ እየደጋገምኩ ስምንት ገጽ ጻፍኩ። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር መልሼ አስጀምረዋለሁ፤ እንባዬ ይመጣል፤ እጄ አይቆምም። ጠዋት ለጓደኛዬ ሰጠሁት። አንብቦ ጨረሰና «ጥሩ ነው፤ ግን ምን ሆነች?» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳየው እውነትም ምንም አልሆነችም። መስኮት አጠገብ ቆማ ዝናብ ታያለች፤ ስምንት ገጽ ሙሉ።

ከዘፈን ተነስተን ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዚያ ሌሊት ዘመዶች ናቸው። ዘፈን ብዙ ነገር ሳይናገር ያልፋል፤ ለጸሐፊ የሚተርፈውም ያ ያልተነገረው ነው። እኛ ግን የተነገረውን አንስተን እንደግመዋለን።

የዜማውን ሥራ የራስ ሥራ አድርጎ መቁጠር

ዘፈን እየሰሙ ሲጽፉ የሚያስለቅስዎት ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ዓረፍተ ነገርዎ ነው ወይስ ጆሮዎ ላይ ያለው ድምፅ? ዜማ የማይረባ ቃል ተሸክሞም ይዘልቃል። ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ አባል ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን «የስተርደይ» የተባለ ዘፈን ዜማ ሲያገኝ ግጥም አልነበረውም። ቦታ መያዣ እንዲሆነው ስለ እንቁላል ፍርፍር የሚያወሩ ቃላት አስገብቶ ያንጎራጉረው ነበር። ዜማው በእንቁላል ፍርፍርም ያው ዜማ ነው። የእርስዎ አንቀጽ ግን አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው ብቻውን ነው፤ ከኋላው ክራር የሚመታለት የለም።

ስለዚህ ዘፈኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምተው ያጥፉትና በዝምታ ይጻፉ። በተለይ ቃል ያለበት ዘፈን እየሰሙ መጻፍ አድካሚ ነው፤ በጆሮ የሚገባው ቃልና ከእጅ የሚወጣው ቃል በአንድ በር ይጋፋሉ። ድምፅ ከሌለ አልሠራም የሚል ሰው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ይምረጥ።

እኔን የጠቀመኝ ሌላ ሙከራ አለ። የዘፈኑን ግጥም ለራስዎ ብቻ ስንኝ ሳይከፍሉ እንደ ደብዳቤ በአንድ አንቀጽ ይገልብጡትና ድምፅ ሳያወጡ ያንብቡት። ግማሹ ደርቆ ይቀራል። የደረቀው በዜማ ይኖር የነበረው ነው፤ ይተዉት። ሳይደርቅ የቀረውን አንድ ነገር፣ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ድርጊት፣ እሱን ይያዙ።

የዘፈኑን ታሪክ እንዳለ መተረክ

ይህ ከሁሉም የበረታው ስህተት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዘፈን አጭር ነው። ዘፈን በሸክላ ይቀረጽ በነበረበት ዘመን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ባለ 10 ኢንቹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 3 ደቂቃ ያህል ነበር። ሸክላው ካለፈ በኋላም ብዙ ዘፈን ከዚያ ልክ እምብዛም አልራቀም። በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች የት እንደተዋወቁ፣ ምን ሠርተው እንደሚያድሩ፣ ለምን እንደተጣሉ አይነገርም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኬት ቡሽ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ከተባለው የኤሚሊ ብሮንቴ የ1847 ልብ ወለድ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ1978 የዘፈነችውን ማየት ይበቃል። ያ ሁሉ የሁለት ትውልድ ታሪክ ተትቶ የተወሰደው አንድ ነገር ነው፦ በመስኮት በኩል «አስገባኝ» እያለች የምትለምን የሞተች ሴት ድምፅ። ዘፋኟ ጥላው የሄደችውን ሁሉ ጸሐፊ መሬት ላይ ፈልጎ ማንሳት አለበት፤ መንገዱ ያው ሆኖ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው።

የማንንም ዘፈን ላለመንካት ሁለት ስንኝ ራሴ ልፍጠር፦

መብራቱን አላጠፋሁም፣
ምናልባት ትመጪ እንደሆን።

ይህን ሰምቶ የሚጻፈው የመጀመሪያው ታሪክ ይታወቃል። ሰውየው ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ ይነጋል፣ አትመጣም። ዘፈኑ ይህን ከእኛ በተሻለ ተናግሮታል። ይልቅ ስንኙ የዘለላቸውን ተራ ጥያቄዎች ያንሱ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን ይተኛል? ታናሽ ወንድም አለ እንበል፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ሥራ የሚገባ። መብራቱ ሲበራ ሲያድር ዛሬ አሥራ አንደኛ ሌሊቱ ነው። ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ስቦ ይገላበጣል። በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሉን ይፈታዋል። አሁን ታሪክ መጣ፤ ምክንያቱም ልትመጣ የምትችልበት ሌሊት ያ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ክፍተት የሚዘፈንለት ሰው ነው። አማርኛ ለዚህ ይመቻል፤ «ትመጪ» ካለ ሴት ናት፣ በአንዲት ግስ ውስጥ ቆማ ትታያለች። ግን አንድም ቃል አትናገርም። ተራውን ይስጧት። ምናልባት በየሌሊቱ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ትመጣለች፤ መብራቱ በርቶ ስታየው ነቅቷል ማለት ነውና ትመለሳለች። ልብሷን ልትወስድ የፈለገችው እሱ ሲተኛ ነበር። ዘፋኙ እንደ ፍቅር ያበራው መብራት ለእሷ ዘበኛ ሆኗል። ከሁለት ስንኝ ይህን ያህል ከወጣ፣ የሙሉ ዘፈን ታሪክ መተረክ ምን ያስፈልጋል?

ስንኙን አምጥቶ ታሪኩ ውስጥ መለጠፍ

በየምዕራፉ አናት የዘፈን ግጥም ማስፈር ያምራል፤ ፈተናውን አውቀዋለሁ። ግን የዘፈን ግጥም እንደማንኛውም ድርሰት ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት፣ ዛሬ ባለበት መልኩ፣ ደራሲው ካረፈ በኋላ ቢያንስ 50 ዓመት ሥራው እንዲጠበቅ ያዛል፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ግጥም አጭር በመሆኑ ሁለት ስንኝ ከመጽሐፍ ከተወሰደ ሁለት መስመር ይልቅ ትልቅ ድርሻ ነው፤ «ትንሽ ነው የወሰድኩት» ማለት ላያድን ይችላል። ፈቃድ ሲጠየቅም ብዙ ሰው ወደ ዘፋኙ ይሮጣል፤ የግጥሙ መብት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከገጣሚው ወይም መብቱን ከያዘው አሳታሚ ዘንድ ነው።

ርዕስ ሌላ ነው፤ በአብዛኛው አገር ርዕስ ብቻውን በቅጂ መብት አይያዝም። ጃፓናዊው ደራሲ ሃሩኪ ሙራካሚ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣውን ልብ ወለድ የቢትልሶች የ1965 ዘፈን በሆነው በ«ኖርዌጂያን ውድ» ስም ጠርቶታል። አንባቢ ርዕሱን ባየ ጊዜ ዜማው ራሱ ይመጣለታል፤ ስንኝ መገልበጥ አያስፈልግም።

ሕጉን ብንተወው እንኳ ጥቅስ ሌላ ጉዳት አለው። በጣም ጥሩ ስንኝ ከእርስዎ መደዳ ዓረፍተ ነገር አጠገብ ሲቀመጥ የማን እንደሚያበራ ያውቁታል።

በስድ ንባብ ቤት መምታት

ይህ የእኛ ቋንቋ ወጥመድ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚያልቅ፣ ጆሮው በዘፈን የተሞላ ሰው ሳያስበው ቤት ይመታል፦ «በሩን ከፈተች። ሻንጣዋን አነሳች። ዞር ብላ አየች። ወጣች።» አራት «ች» በተርታ። በዘፈን ቢሆን ያስጨበጭብ ነበር፤ ገጽ ላይ ግን አንባቢ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። «በሩን ከፍታ፣ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ዞር ማለቷን ያየ አልነበረም» ቢባል ያው ነገር ይነገራል፤ መዳረሻው ግን ይለያያል። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ነው ይህን የሚያጋልጠው።

ያረጁ ቃላትም በዚሁ በር ይገባሉ። «ሆዴን ባር ባር አለው» በጥሩ ድምፅ ሲዜም ገና ዛሬ የተባለ ይመስላል፤ ሲጻፍ ግን ያረጀ ሳንቲም ነው።

ከዘፈን ቅርጽ የምወስደው ካለ አዝማቹን ነው፤ እሱም በጥንቃቄ። አዝማች ሦስት ጊዜ ሲመለስ ቃሉ ያው ነው፤ በመሀል ያለፈው ስንኝ ግን ትርጉሙን ለውጦታል። «መብራቱ በርቷል» የሚለውን መጀመሪያ ሰውየው በተስፋ፣ ቀጥሎ ወንድምየው በምሬት፣ በመጨረሻ ሴትየዋ መንገድ ላይ ቆማ ቢሉት ቃሉ በየአፉ ሌላ ይሆናል። ምንም ሳይለወጥ የሚደጋገም ከሆነ ግን ማሰልቸት ብቻ ነው።

ሐዘን ሲመጣ ሬዲዮ መክፈት

ገጸ ባሕርይዋ ስታዝን ሬዲዮው አሳዛኝ ዘፈን ይጀምራል። አንባቢው ዘፈኑን ላያውቀው ይችላል፤ ካወቀውም የራሱን ትዝታ ይዞ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የግድ ዘፈን ካስፈለገ የማይገጥም ይሁን፤ ሰው መርዶ ሲሰማ ከቀጣዩ ቤት የጭፈራ ዘፈን ይምጣ። በዚያውም ዘፈኑ የወጣበትን ዓመት ይመልከቱ፤ በ1970 የሚኖር ሰው የ1985ን ዘፈን ሲያንጎራጉር አስተዋይ አንባቢ ይስቅብዎታል።

የ«እኔ»ን ባለቤት ማምታታት

በዘፈን ውስጥ «እኔ» የሚለው የግድ ዘፋኙ አይደለም። ግጥሙን የጻፈው ሌላ፣ የሚናገረው ደግሞ የተፈጠረ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለ ዘፋኙ የግል ሕይወት የተወራውን አምጥቶ ታሪኩ ላይ መጫን ገጸ ባሕርይውን ያጠበዋል፤ ሰውየውንም ያለ ጥፋቱ ያማዋል።

የሚወዱትን ዘፈን ብቻ መምረጥ

የሚወዱት ዘፈን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። ክፍተቱን ሁሉ ከዓመታት በፊት በራስዎ ትዝታ ሞልተውታል፤ ለገጸ ባሕርይ የሚተርፍ ወንበር የለም። የማይወዱትን አንስተው «ይህን የሚወደው ማን ነው? በስንት ሰዓት ይሰማዋል?» ቢሉ ሰው ይመጣል።

ያንን የስምንት ገጽ ዘፈን አሁንም እወደዋለሁ፤ አንድም የሚነበብ መስመር ግን አልሰጠኝም። አምፖሉን የፈታው ወንድም የመጣልኝ ከሌላ ቦታ ነው፤ አንድ ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ ሌሊቱን ሙሉ ከሚያጫውተው፣ ግጥሙ በቅጡ ከማይሰማ፣ እንቅልፍ ከነሳኝ ዘፈን።