ከጅማ ለመጡ ወላጆች፦ የጊፍትድ ፈተና ውጤት እንዴት ይነበባል?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፈጠን ላሉ ልጆች ከበድ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ክፍል አላቸው፤ ጊፍትድ ይሉታል። ክፍያ የለውም። ጅማ ላይ የልጁ ካርድ «ከ62 ተማሪ 1ኛ» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ሚኒስትሪም ማለፊያ ነጥቡ ይታወቃል። እዚህ ግን ደረጃ ማንም አይጠይቅም፤ ፈተናውም ልጁ የተማረውን ሳይሆን አዲስ ነገር ሲያይ እንዴት እንደሚያስብ የሚለካ ነው። ውጤቱን እንደ አገር ቤት ካርድ ያነበበ ወላጅ ወይ ያለ ነገር ይደሰታል፣ ወይ ያለ ነገር ያዝናል።

ከሁሉ በፊት የልደት ቀኑን አስተካክሉ። ኮጋት የሚባለው በሰፊው የሚሰጥ ፈተና ልጁን የሚያወዳድረው በተፈተነበት ቀን ዕድሜያቸው ከእሱ ጋር እኩል ከሆኑ ልጆች ጋር ነው፤ ወሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ጥር 5 ቀን 2010 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 13፣ 2018 ነው። ቅጽ ላይ በችኮላ ሰባት ብቻ ተደምሮ 2017 ከተጻፈ፣ ልጁ አንድ ዓመት ከሚበልጡት ጋር ተወዳድሮ ነጥቡ ይወርዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው የሚደመረው። ቀኑ ሳይታወቅ «ጃንዋሪ 1» የተባለላቸው ልጆችም ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤቱ በቃል አያርምም፤ የልደት ሰርተፊኬት ይፈልጋል። ስለዚህ ሰርተፊኬቱንና የትምህርት ካርዱን ከጅማ ሳትነሱ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ ማኅተም አስደርጉ። በኋላ በውክልና ማስወጣት ጣጣው ብዙ ነው።

በምዝገባ ቀን ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣል። አማርኛም ኦሮምኛም ካለ ሁለቱንም ጻፉ። ልጁ «ቋንቋ ተማሪ እንዳይባል» ብለው እንግሊዝኛ የሚጽፉ ወላጆች አሉ፤ ክፉ ምክር ነው። እንግሊዝኛ ተማሪ መሆን ከጊፍትድ አያስወጣም። ቅጹ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ከተጻፈ ግን የቃል ክፍሉ ዝቅ ሲል ምክንያቱ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የልጁ አቅም ይመስላል። ጅማ ላይ በቁቤ ያነበበ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ «ሲ»ን ጭ፣ «ኤክስ»ን ጥ እያለ ሊያነብ ይችላል። ይህን ለአስተማሪው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የማንበብ ችግር እንዳይመስላቸው።

አሁን ወደ ውጤቱ። ኮጋት ሦስት ክፍል አለው፦ ቨርባል የቃላት፣ ኳንቲታቲቭ የቁጥር፣ ነንቨርባል የቅርጽ። እያንዳንዱ ነጥብ አማካዩ 100፣ ጣሪያው 160 ነው። ከጎኑ ያለው ፐርሰንታይል ከ1 እስከ 99 ይሄዳል። 96ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ 96 ጥያቄ መለሰ ማለት ሳይሆን፣ ከመቶ እኩዮቹ 96ቱን ያህል በልጧል ማለት ነው። 50ኛም ወድቋል ማለት አይደለም፤ ልክ መሃል ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ አዲስ የመጣ የ3ኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ሊይዝ ይችላል፦ ቨርባል 92፣ ማለትም 31ኛ ፐርሰንታይል፤ ኳንቲታቲቭ 124፣ 93ኛ፤ ነንቨርባል 130፣ 97ኛ። ከታች «8ኢ፣ ቪ ሲቀነስ» የሚል ምልክት አለ። 8ቱ በዘጠኝ ደረጃ መለኪያ ላይ የሦስቱ ውጤቶች መሃለኛ ነው። ኢ ማለት በክፍሎቹ መካከል ያለው ልዩነት 24 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ነው። «ቪ ሲቀነስ» ደግሞ ወደ ታች የወረደው የቃሉ ክፍል መሆኑን ያሳያል። የሦስቱን ድምር ብቻ ያየ ኮሚቴ ይህን ልጅ ሳይመርጠው ሊቀር ይችላል። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ የቁጥርና የቅርጹ ብቻ ተደምሮ የሚወጣውን ነጥብ ነው። ኪው ኤን ይባላል፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው የሚያወጡት ነጥብ ስለሆነ ልመና አይደለም። እስከ 2ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ጥያቄያቸው በአብዛኛው ሥዕል ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚነበበውን የዓረፍተ ነገር ክፍል ትቶ ቨርባሉን ማስላትም ይቻላል።

ኤንኤንኤቲ የሚባለው ሌላው ፈተና ቅርጽ ብቻ ነው፤ በ30 ደቂቃ 48 ጥያቄ። ለእኛ ልጆች ይሻላል፤ ቢሆንም ጥያቄውን አይቶ የማያውቅ ልጅ መጀመሪያ ላይ ደንግጦ ጊዜ ያባክናል።

ለዝግጅት ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ዓላማው ልጁ የጥያቄውን ዓይነት እንዲያውቅ ብቻ ነው። ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ አንዴ ብሱት፤ ሲዘረጋ ስንት ቀዳዳ ይኖረዋል? ሁለት። ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ብሱት፤ አራት። ቀዳዳው የት የት እንደሚውል ሳይዘረጋ በጣቱ እንዲያሳይ አድርጉ፤ ከኮጋት ጥያቄዎች አንዱ በቀጥታ ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱን የመለማመጃ ወረቀት ጠይቁ።

የመግቢያው ደንብ እንደየግዛቱ ነው። ጆርጂያ ውስጥ በአንዱ መንገድ እስከ 2ኛ ክፍል 99ኛ፣ ከ3ኛ ጀምሮ 96ኛ ፐርሰንታይል በድምሩ ያስፈልጋል፤ የተማረውን ከሚለካ ፈተና 90ኛ ጋር። በሌላው መንገድ ግን በዚህ ፈተና በኩል የአንድ ክፍል ነጥብ ሊበቃ ስለሚችል ቨርባሉ ዝቅ ያለ ልጅ በዚያ ይሞክር። የቨርጂኒያ ደንብ አንድ ነጥብ ብቻውን ልጅን እንዳያስወጣ ይከለክላል። ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ለአንዳንዱ ፕሮግራም መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በዕጣ ሲመረጥ ቆይቷል፤ ዕጣ ያልወጣለትን ልጅ ሰነፍ አትበሉት።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አስተማሪው ስለ ልጁ የሚሞላውን መመዘኛ ነው። ቅጹ «ብዙ ይጠይቃል?»፣ «ሐሳቡን ይከራከራል?» የሚል ዓይነት ነው። አንገቱን ደፍቶ «እሺ» እያለ ያደገ ጨዋ ልጅ እዚህ ላይ ነጥብ ያጣል። ወላጅ ማስረጃ ማያያዝ የሚችልበት ቦታ ከሆነ በፊደልም በቁቤም የጻፈውን፣ ያለ እርዳታ የሠራውን ሒሳብ፣ የሠራውን መጫወቻ ፎቶ አያይዙ፤ ከሥር ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ይበቃል። ክሊኒክ ላይ ለእናቱ የሚያስተረጉም ከሆነ ያንንም ጻፉ።

ልጁ ካልገባ ደብዳቤው ላይ የይግባኝ ቀን አለ፤ አጭር ስለሆነ በዚያው ሳምንት ጀምሩ። አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉ። ይግባኙ ላይ እንግሊዝኛ ከጀመረ ስንት ወር እንደሆነው፣ የኪው ኤን ነጥቡንና አዲስ የሥራ ናሙና አያይዙ። ባይሳካም በቀጣዩ ዓመት እንደገና መቼ ሊፈተን እንደሚችል በጽሑፍ ጠይቁ፤ የውጤቱንም ቅጂ ያዙ፤ ከተማ ስትቀይሩ አዲሱ ትምህርት ቤት ሊጠይቃችሁ ይችላል።