ለነፍሰ ጡር፦ የሌሊቱን ሆርሞን ከብርሃን መጠበቅ

በአንጎል መሐል ያለችው ፒኒያል ዕጢ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ታመነጫለች፤ መጠኑ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ጣሪያ ይነካል። በእርግዝና ደግሞ ከ24ኛው ሳምንት ወዲህ እየጨመረ ሄዶ መውለጃው ሲቃረብ ይበልጥ ከፍ ይላል። የእንግዴ ልጁን ተሻግሮ ፅንሱ ዘንድ ስለሚደርስ፣ የራሱ የሜላቶኒን ዑደት ገና የሌለው ፅንስ ሌሊትና ቀንን የሚያውቀው በእናቱ ነው። በማኅፀን ጡንቻ ላይም ምጥን የሚገፋውን የኦክሲቶሲን ሆርሞን ሥራ ያግዛል፤ ምጥ ሌሊት ሌሊት መጀመር የሚወደው አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሁሉ የሚያደናቅፈው ብርሃን ነው፣ በተለይ ሰማያዊው። ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት የጣሪያውን ነጭ አምፖል አጥፍተው፣ ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች የሚል ቢጫ አምፖል ዝቅ ካለ ቦታ ያብሩ። የዘርፉ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ምክር ዓይን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ምሽት ከ10 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ አሃድ)፣ በእንቅልፍ ሰዓት ከ1 ሉክስ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ ከሌለ፣ በእንቅልፍ ሰዓት በመኝታ ክፍሉ ጽሑፍ ያለ ችግር የሚነበብ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል።

ብዙው ጥንቃቄ ገደል የሚገባው ለሽንት ሲነሡ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ቦግ ሲል ሜላቶኒኑ ወዲያው ማሽቆልቆል ይጀምራል። ስለዚህ ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ወለል አጠገብ ትንሽ ቢጫ ወይም ቀይ መብራት ይሰኩ። ጭልጥ ባለ ጨለማ መሄድ ግን አይገባም፤ መውደቅ ይብሳል። ሰዓት ለማየት ብሎ ስልክ መክፈትም መብራት እንደ ማብራት ነው።

ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ይውጡ፣ ደመና ቢሆንም። ቡና በመጨረሻዎቹ ወራት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ የማታውን ትተው ከቀትር በፊት ይጠጡ፣ ካፌይኑም በቀን ከ200 ሚሊ ግራም አይለፍ።

የሌሊት ፈረቃ ካለብዎት በሳምንት ከአንድ እንዳይበልጥ አለቃዎን ይጠይቁ፤ በዴንማርክ የተደረገ ጥናት ከ8ኛው ሳምንት በኋላ በሳምንት ሁለትና ከዚያ በላይ ሌሊት መሥራትን ከፅንስ መጨንገፍ ጋር አያይዞታል።

የሜላቶኒን ክኒን ያለ ሐኪም አይውሰዱ። በእርግዝና ደኅንነቱ አልተረጋገጠም፤ በ2017 በካናዳ በተመረመሩ ምርቶች ውስጥ የተገኘው መጠን መለያው ላይ ከተጻፈው በ83 በመቶ ከማነስ እስከ በ478 በመቶ መብለጥ ደርሷል።

እንቅልፍ የነሣዎት ሽፍታ የሌለው የመዳፍና የውስጥ እግር ማሳከክ ከሆነ የጉበት ምርመራ ይጠይቁ። ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ።