ታላላቅ መስጊዶችን የሚጎበኙ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎብኚዎችን ይዤ ወደ ታላላቅ መስጊዶች መግባት መተዳደሪያዬ ከሆነ ወዲህ፣ ሰዎቹ ቢለዋወጡም ስህተቶቹ እንደማይለዋወጡ ተረድቻለሁ። አብዛኞቹ በአንድ ማሳሰቢያ የሚታረሙ ቀላል ግድፈቶች ናቸው። አንዱ ግን ሰውን የሕንፃውን ዋና ነገር ሳያይ ስለሚያስወጣው፣ እዚያ ላይ ስደርስ ቃላቴ ቢበዙ አንባቢ ይታገሠኝ።

መስጊድ ሁሉ ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ነው ብሎ መነሳት የመጀመሪያው ስህተት ነው። መካ የምትፈቀደው ለሙስሊሞች ብቻ በመሆኑ ካዕባ የሚገኝበትን ታላቅ መስጊድ፣ መስጂደል ሐራምን፣ የሌላ እምነት ተከታይ ሊጎበኘው አይችልም። በሞሮኮ አብዛኞቹ መስጊዶች ሙስሊም ላልሆነ ሰው ዝግ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመረቀው የካዛብላንካው የዳግማዊ ሐሰን መስጊድ ግን በአስጎብኚ እየተመሩ የሚገቡ እንግዶችን ይቀበላል። በኦማን ዋና ከተማ በሙስካት የሚገኘው የሱልጣን ቃቡስ ታላቅ መስጊድ ደግሞ ሙስሊም ላልሆኑ ጎብኚዎች የሚከፈተው ከቀትር በፊት ባሉት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ዓርብ ጨርሶ አይከፈትላቸውም። የመግቢያውን ደንብ ሳይጠይቁ በር ድረስ ሄዶ ከዘበኛ ጋር መከራከር ለማንም አይጠቅምም።

ስለ አለባበስ ብዙ የምለው የለኝም፦ ሰፋ ያለ፣ ክንድንና እግርን የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴቶች ደግሞ ከራስ የማይንሸራተት ሻሽ ይበቃል። ጫማ የሚወልቀው ምንጣፉ ከመጀመሩ በፊት ነው እንጂ ምንጣፉ ላይ ቆሞ አይደለም።

የሶላት ሰዓት አለማወቅ ከዚህ ይከፋል። አምስቱ የሶላት ወቅቶች ፀሐይን ተከትለው ስለሚቀያየሩ፣ ባለፈው ወር የሠራ ሰዓት በዚህ ወር አይሠራም። ከዙህር፣ ማለትም ከቀትር ሶላት፣ በፊት ያለው ረፋድ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ የዓርብ ቀትር ግን የጁምዓ፣ ማለትም የሳምንቱ የጋራ ሶላት፣ ጊዜ በመሆኑ ከጉብኝት ዕቅድ መውጣት አለበት። በሌላ ሰዓትም ቢሆን ለብቻው የሚሰግድ ሰው አይጠፋምና በፊቱ አቋርጦ ማለፍ ነውር መሆኑ መታወቅ አለበት። ምንም ያህል ቢቸኩሉ በኋላው ይዙሩ።

ግቢውን እንደ መተላለፊያ ቆጥሮ ወደ አዳራሹ መሮጥም የተለመደ ነው። በካይሮ የሚገኘውን፣ በ879 የተጠናቀቀውን የኢብን ጡሉን መስጊድ በዚህ መንገድ የጎበኘ ሰው መስጊዱን አላየውም ማለት ይቻላል። በዚያ ከገበያው ጫጫታ የሚለይ ዚያዳ የሚባል የውጭ ግቢ አለ፤ ከእሱ ሲያልፉ ጫጫታው ይቀንስና ዙሪያው በቅስቶች የታጠረ ሰፊ ግቢ ይገጥማል። ቅስቶቹን የተሸከሙት ከሌላ ሕንፃ የመጡ የእብነ በረድ ዓምዶች ሳይሆኑ በጡብ የተገነቡ ወፋፍራም ምሰሶዎች ናቸው። የቅስቶቹን ጠርዝ ተከትሎ በኖራ ልስን ላይ የተቀረጸው ጌጥ ጎልቶ የሚታየው ፀሐይ ዘመም ስትል በመሆኑ፣ በእኩለ ቀን ገብቶ «ባዶ ግቢ ነው» ብሎ የሚወጣ ሰው የሚወቅሰው ሰዓቱን እንጂ ሠሪዎቹን መሆን የለበትም።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ስህተት ልምጣ። ጎብኚው ደፉን እንዳለፈ አንገቱ ይቀናል፣ ስልኩም አብሮ ይቀናል፤ እየተደናቀፈ እስከ አዳራሹ መሐል ሄዶ ከጉልላቱ እምብርት በታች ይቆምና ያንኑ ክብ ምስል ደጋግሞ ያነሳል፤ ከዚያም ጨረስኩ ብሎ ወደ በሩ ይመለሳል። በኢስታንቡሉ የሱልጣን አሕመድ መስጊድ ውስጥ አንድ እንግዳ በስልኩ ያነሳቸውን የጉልላት ምስሎች በኩራት ሲያሳየኝ፣ ጉልላቱን የተሸከሙት ምሰሶዎች ስንት እንደሆኑ ጠየቅሁት። «ምሰሶ ነበረው እንዴ?» አለኝ። አምስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ምሰሶ ከጀርባው ቆሟል!

መስጊድ የሚጀምረው ከጣሪያ አይደለም። በመዲና የነበረው የነቢዩ መስጊድ የጭቃ ጡብ ግድግዳ፣ የዘንባባ ግንድ ምሰሶና የዘንባባ ቅጠል ክዳን የነበረው ሕንፃ ነበር፤ ጉልላትም ሚናራም አልነበረውም። ሕንፃውን መስጊድ የሚያደርገው ቂብላ፣ ማለትም ሰጋጆች ፊታቸውን የሚያዞሩበት የመካ አቅጣጫ ነው። ሰጋጆች ወደዚያ ዞረው ጎን ለጎን ሲቆሙ ሶፉ፣ ማለትም የሰጋጆቹ ረድፍ፣ ወደ ጎን ይረዝማል፤ አዳራሹም በብዙ ቦታ ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ የሚበልጠው ከዚህ የተነሳ ነው። በ715 የተጠናቀቀውን የደማስቆውን የኡመያ መስጊድ ያየ ሰው፣ ከቂብላው ግድግዳ ጋር ጎን ለጎን የተዘረጉትን ሦስት ረጃጅም መተላለፊያዎች ሲመለከት የሶፍን ቅርጽ በድንጋይ ተሠርቶ ያገኘዋል።

ጉልላቱም ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ሲነሱ ነው። ምሰሶ በበዛ ቁጥር ሶፍ ይቆራረጣል፣ ቂብላውን የሚያመለክተው የግድግዳ ጎድጓዳ፣ ሚህራቡም፣ ከዓይን ይሰወራል። የ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማን ዋና የሕንፃ ባለሙያ ሚማር ሲናን ሲታገል የኖረው ከዚህ ችግር ጋር ነው ብዬ አምናለሁ። በኢስታንቡል በ1557 በተጠናቀቀው የሱሌይማኒዬ መስጊድ 26.5 ሜትር የሚሰፋውን ጉልላት በአራት ግዙፍ ምሰሶዎች ላይ አሳረፈው። በ1575 በኤዲርኔ ከተማ በተጠናቀቀው የሰሊሚዬ መስጊድ ግን ምሰሶዎቹን ስምንት አድርጎ ወደ ግድግዳዎቹ ስላስጠጋቸው፣ 31 ሜትር ያህል ከሚሰፋው ጉልላት በታች ያለው ወለል አንድ ወጥ ሆነ። ከዚያ በኋላ በ1616 የተጠናቀቀው የሱልጣን አሕመድ መስጊድ ወደ አራት ወፋፍራም ምሰሶዎች ተመልሷል። ከኢዝኒክ ከተማ የመጡት ከ20,000 በላይ የሚሆኑ ባለቀለም ሸክላዎቹ ለፎቶግራፍ ያመቹ ይሆናል፤ ለእኔ ግን በወለል አደረጃጀት ሰሊሚዬን አይስተካከልም። ይህን ልዩነት ሽቅብ በማንጋጠጥ ብቻ ማንም አያገኘውም።

ስለዚህ ጎብኚዎቼን እንደገባን ከኋላው ግድግዳ አጠገብ፣ ሰው በማያልፍበት ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ። መጀመሪያ ሚህራቡን፣ ከአጠገቡም ሚንበሩን፣ ማለትም ኢማሙ ስብከት የሚያሰማበትን መድረክ፣ በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ቀጥሎ አንድ ምሰሶ መርጠው ከሥሩ ጀምረው በዝግታ ወደ ላይ ይከተሉታል። ከምሰሶው ወይም ከግድግዳው አናት ሲደርሱ፣ አራት ማዕዘኑ ክፍል ወደ ክብ የሚለወጥበትን ቦታ ያገኛሉ፤ በእኔ ግምት የጉልላቱ ሕንፃ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚያ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ማዕዘኑን በትንሽ ቅስት ይዘጋዋል፤ ሌላው ወደ ታች እየጠበበ የሚወርድ ጎባጣ ሦስት ማዕዘን ያበጅለታል። በሌላ ስፍራ ደግሞ ማዕዘኑ ሙቀርነስ በሚባሉ ትናንሽ ጎድጓዳ ቅርጾች ይሞላል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ከታቹ ካለው ረድፍ ጥቂት ወጣ ብሎ ስለሚደረደር ድንጋዩ ወይም ልስኑ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ጉልላቱን ቀና ብለው ቢያዩት አልከለክልም።

አቅጣጫን ያላስተዋለ ሰው በኢራኗ ኢስፋሃን የባሰ ይሳሳታል። ግንባታው በ1611 የተጀመረው የሻህ መስጊድ መግቢያ ወደ ታላቁ አደባባይ ቢዞርም፣ አደባባዩ ከቂብላ ጋር ስለማይገጥም መተላለፊያው 45 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ነው ወደ ግቢው የሚያስገባው። በመግቢያው ፊት ቆመው ጉልላቱ ከበሩ ጋር መስመር አለመያዙን አይተው «ሠሪዎቹ ተሳስተዋል» የሚሉ እንግዶች አጋጥመውኛል። በዚያው አደባባይ ያለው የሼኽ ሉጥፉላህ መስጊድ ግቢም ሚናራም የለውም፤ ጨለምለም ባለ ጠማማ መተላለፊያ አዙሮ በቀጥታ ከጉልላቱ በታች ያደርሳል። በችኮላ የሚራመዱ ጎብኚዎች መታጠፋቸውን እንኳ አያውቁም።

ጽሑፉን እንደ ሐረግ ጌጥ ብቻ ማየት ሌላው ስህተት ነው። አረብኛ የማያነብ ሰው ቢያንስ የሚያነብለትን ይጠይቅ፤ ከበር በላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ማን፣ መቼ እንዳሠራው የሚናገር ሲሆን፣ በሚህራቡ ዙሪያ የሚጻፉት የቁርኣን አንቀጾችም ለቦታው ታስበው የተመረጡ ናቸው። በአቡ ዳቢ የሼኽ ዛይድ ታላቅ መስጊድ የቂብላ ግድግዳ ላይ ኩፊ በሚባለው ጥንታዊ የአረብኛ አጻጻፍ የሰፈሩትን 99 የአላህ ስሞች ሳያውቋቸው የአበባ ሥዕል አድርገው ፎቶ የሚያነሱ ብዙዎች ናቸው።

እዚያው መስጊድ ውስጥ ቁጥር የመሰብሰብ አባዜም ይታያል። በ2007 የተከፈተው ይህ መስጊድ 82 ጉልላቶች እንዳሉትና የእጅ ሥራ ምንጣፉ ከ5,600 ካሬ ሜትር በላይ እንደሚሰፋ ሁሉም ጽፎ ይወጣል። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። በላዩ ላይ ሶፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚረዱ፣ ከሩቅ የማይታዩ ስስ መስመሮች አሉ፤ ሠሪዎቹ ጌጡን እንዳያበላሹ ብለው በቀለም ሳይሆን በምንጣፉ ክር ከፍታ ለይተዋቸዋል።

በመጨረሻም፣ ዘወር ብሎ ሳያዩ መውጣት አለ። የገቡበት በር ያለበት ግድግዳ ከቂብላው ተቃራኒ ስለሆነ አብዛኛው ጎብኚ ጀርባውን ሰጥቶት ይቆይና ጫማውን እያሰበ ያልፈዋል። በሱሌይማኒዬ ሠሪዎቹ የአየሩን ፍሰት አስበው፣ የዘይት መብራቶቹ የሚያወጡት ጥላሸት ከዋናው በር በላይ ወዳለ ክፍል እንዲሳብ አድርገዋል፤ በዚያ የተጠራቀመው ጥላሸትም ለጸሐፍት ቀለም ይሠራበት ነበር። ይህን የምናገረው ሁልጊዜ እንግዶቹ ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት ነው፤ ካጠለቁ በኋላ ወደ ምንጣፉ መመለስ ስለማይቻል።