አዲስ የገባችው ጊኒ ፒግ ስትታመም፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ልጄ ለምና ያስገዛችን ጊኒ ፒግ (ከአይጥ ወገን የሆነች ትንሽ የቤት እንስሳ) ቤታችን በገባች በአራተኛው ቀን ጥግ ይዛ ተኮማተረች። ጠጉሯ ቆሟል። ካሮቱን አፏ ውስጥ ታስገባና መልሳ ትጥለዋለች፤ አገጯም በልጋግ ርሷል። «ቤቱን አልለመደች ይሆናል» ብለን ልናሳድራት ስንል የእንስሳት ሐኪሟ በስልክ «አሁኑኑ አምጧት» አለችን። ጊኒ ፒግ የአውሬ ሲሳይ ሆና የኖረች ፍጥረት ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ ለዓይን ሲታይ ብዙ ጊዜ ከርሟል።

አትበላም፣ በጠጧም አንሷል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መደበቋ አያስደነግጥም። ሰው ሲተኛ ግን ወጥታ መብላት አለባት፤ ጠዋት ድርቆሹ ካልጎደለና በጠጥ ካልታየ ችግር አለ። አንጀቷ የሚሠራው ምግብ ሳያቋርጥ ሲገባበት ነው። ባዶውን ሲቀር መንቀሳቀሱን ያቆምና በጋዝ ይነፋል፤ ይህም ይገድላታል። 12 ሰዓት ያህል ካልበላች ሳይነጋ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

የእኛዋን ያሳመማት ጥርሷ ነበር። የጊኒ ፒግ ጥርስ፣ መንጋጋውም ጭምር፣ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የሚሞርደው ድርቆሽ ማኘክ ነው። ሱቁ እንክብል መኖ ብቻ ሲሰጣት ስለኖረ የታች መንጋጋዎቿ አድገው በምላሷ ላይ ተጋድመው ነበር። ሐኪሟ ከረከመቻቸው፤ እኛም ድርቆሽ ከፊቷ እንዳይጠፋ አደረግን። መኖ መቀየር ካስፈለገ ከድሮው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ ቀይሩ፤ ድንገተኛ ለውጥ ራሱ አንጀቷን ያውካል።

ታነክሳለች፣ ሲነኳት ትጮኻለች

ቫይታሚን ሲ አንሷታል ማለት ሊሆን ይችላል። እንደ ሰው ሁሉ ሰውነቷ አያመርተውም፤ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ሲጎድል መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ ድዷ ይደማል። በመኖው ውስጥ ያለው ቫይታሚን በሦስት ወር ገደማ ስለሚዳከም የተመረተበትን ቀን እዩ። ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፤ ጣዕሙን ካልወደደችው ደግሞ ውኃውንም ትተወዋለች። 20 ግራም ያህል የማያቃጥል ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ መስጠት ከዚህ ሁሉ ይሻላል። ማነከስ ከጀመረች በኋላ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ታስነጥሳለች፣ ዓይንና አፍንጫዋ ይፈሳል

አንድ ሁለት ጊዜ ማስነጠስ ከድርቆሹ አቧራ ይመጣል። ከተደጋገመና ስትተነፍስ ድምፅ ካላት የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ፈጥናችሁ አሳክሟት። ጥንቸልና ውሻ ሳይታመሙ ተሸክመው የሚያስተላልፉት ባክቴሪያ ስላለ ከጥንቸል ጋር አታኑሯት። ሽታው የሚያውድ የጥድ ሰጋቱራ አታንጥፉ፤ የራሰውን ንጣፍ በየቀኑ አንሱ።

እባካችሁ፣ እቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን እንዳትሰጧት። ብዙዎቻችን ከመድኃኒት የተረፈውን ለሚቀጥለው ሕመም ማስቀመጥ ለምደናል። ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን ግን የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጨርሰው ይገድሏታል።

ታካለች፣ ጠጉሯ ይረግፋል

እከክ ከሆነ ማሳከኩ እስከ መንዘፍዘፍ ያደርሳታል። ክብ፣ ቅርፊት ያለው ገላጣ ከታየ ጭርት ነው፤ ጭርቱ ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ ከነኳት በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ። ሁለቱንም ሐኪም ለይቶ ያክማል።

ፊቷን ስታጸዳ ከዓይኗ የሚወጣው ወተት መሳይ ፈሳሽ ጤነኛ ነው። ደስ ሲላት ድንገት ወደ ላይ መፈናጠሯም እንዲሁ።

በቤታችን ቅዳሜ ጠዋት የኩሽናው ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን እናስቀምጥና እሷን እንመዝናለን፤ ልጄ ግራሙን በደብተሯ ትጽፋለች። አዋቂዋ ከ700 እስከ 1200 ግራም ትመዝናለች። በሳምንት ከ50 ግራም በላይ ከቀነሰች፣ እየበላች ቢመስላችሁም እንኳ፣ ለሐኪም ደውሉ።